ቦሩ ሜዳና የቤታችን ጉባኤ



ባለፈው እሑድ ልጄ በቤተ ክርስቲያን የልጆች ፕሮግራም ላይ ጥቅስ በቃሏ የምትልበት ተራ ደርሷት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ አስጠናኋት። ቧንቧ ውሃ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ጠባብ ነው። እኔ ተቀምጬ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ! ቀና በይ!» እላለሁ፤ እሷ ቆማ ትደግማለች። እሑድ ማይክራፎኑን ያዘች፣ ሕዝቡን አየች፣ ዝም አለች። ወደ ቤት ስንመለስ «ሰው ፊት አሳፈርሽኝ» ብዬ ተቆጣኋት። መልሷ አጭር ነበር፦ «አባዬ፣ ጥቅሱን የመረጥከው አንተ ነህ እኮ። የእኔ አይደለም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የራሳቸው ያልሆነ ቃል እንዲናገሩ ስለተደረጉ ሰዎች ሳስብ፣ ሐሳቤ ከከተማችን በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ወደ ቦሩ ሜዳ ሄደ።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ሜዳ ላይ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ልቼ ላይ ገብረው ነበርና አብረው ተገኙ። ክርክሩ የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት የሚል ነበር። ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ማርያም ያለ አባት መወለዱን ሁለቱም ወገኖች ያምናሉ። የተለያዩት የመንፈስ ቅዱስን ቅባት እንደ ሦስተኛ ልደት መቁጠር ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ነው። በሁለት ልደት ወገን ከቆሙት ሊቃውንት አንዱ መምህር አካለ ወልድ ነበሩ፤ ዛሬም ደሴ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንት በአደባባይ ቆመው፣ መጽሐፍ ጠቅሰው፣ ጥያቄ ተቀብለው መመለሳቸው የሚያስደንቅ ነገር ነው። ነገር ግን የጉባኤው ዳኛ ንጉሥ ነበሩ፤ ከንጉሡም ኋላ ሠራዊት ነበረ። ክርክሩ ሲያበቃ ሁለት ልደት ጸና፤ ሦስት ልደት እንዳይሰበክ ተከለከለ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሙስሊሞችም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ታወጀ።

የወሎ መሪዎች ቀድመው ተጠመቁ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተብለው ምኒልክ የክርስትና አባት ሆኗቸው። ከሕዝቡ አንዳንዱ አገር ጥሎ ተሰደደ። አንዳንዱ ከሼህ ጦልሃ ጋር ሸፈተ። ብዙው ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

እኔ እንደ ወላጅ የማስበው የነዚያን ሰዎች ልጆች ነው። አባታቸው ቀን በአደባባይ የሚናገረውን፣ ማታ በሩ ሲዘጋ የሚናገረውንም ይሰማሉ። አንድ አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር ሲያስተምር፣ ሳያስበው የሚያስተምረው እምነት የሰው ፊት ነገር መሆኑን ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ካረፉ በኋላ ግዳጁ ላላ፤ ብዙዎችም ወደ አባቶቻቸው ሃይማኖት ተመለሱ። ከአፍ ብቻ የወጣ ቃል ዕድሜው ይህን ያህል ነው።

ስለ ሚካኤል ግን እንዲሁ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። ደሴን መናገሻቸው አደረጉ፣ አድዋ ዘመቱ፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ በክርስትናቸውም ጸንተው ኖሩ። የልባቸውን ጌታ ያውቃል። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ግን ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ ተከሶ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። አባት ለልጃቸው ሲሉ ጦር ይዘው ወጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ክሱ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔ የማየው በሃይማኖት ጉዳይ ምክንያት የተጨነቀ አንድ ቤተሰብ ነው።

ቦሩ ሜዳ ግን ሌላም ታሪክ አለው። ከጉባኤው ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ወንጌላውያን እዚያው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከሚያ ከፈቱ። ያን ጊዜ የሥጋ ደዌ ያለበትን ሰው ዘመዱ እንኳ ይሸሸው ነበር። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው፤ በዚያ ማከሚያ የሕሙማንን ቁስል ያጠቡ እጆች ለዚህ ስም የሚገቡ ይመስለኛል። ቦታው ዛሬ ሆስፒታል ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይታከምበታል። ቁስል የምታጥብ እጅ ማንንም «እመን» ብላ አታስገድድም። ስለ ጌታ ግን ትናገራለች።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በቀደሙት ለመፍረድ አይደለም። እኛ ወንጌላውያንም ሰይፍ ባንይዝ ቁጣ አለን፣ «ሰው ምን ይላል» አለን፣ ኩርፊያ አለን። ብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ኢያሱ ስለ ራሱና ስለ ቤቱ የተናገረው ቃል ተሰቅሏል (ኢያሱ 24፥15)። እኔም ሰቅያለሁ። ግን የሰቀልነው የጥቅሱን መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ኢያሱ ለሕዝቡ የምታመልኩትን ምረጡ ብሏል። ሠራዊት የነበረው መሪ እንኳ ምርጫ ሰጠ። ሐዋርያው ጴጥሮስም ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ሲያዝዘን፣ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ይላል (1ኛ ጴጥሮስ 3፥15)። የዋህነቱ ከመልሱ ተለይቶ አይታይም።

ደግሞስ በሰው ፊት ዝም ማለት ኃጢአት ነው እንዴ? ሙሴ አፌ ከባድ ነው ብሎ ጌታን ተማጽኗል (ዘፀአት 4፥10)። ጌታ አሮንን ከጎኑ አቆመለት እንጂ አልጣለውም። ልጄም እሑድ ዕለት የሚያስፈልጋት ከጎኗ የሚቆም ሰው ነበር። እኔ ግን ከፊቷ ተቀምጬ ዳኛ ሆንኩባት።

ማግስቱን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁጭ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። እኔም በልጅነቴ ሰው ፊት ቆሜ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ ዛሬም መድረክ ላይ ስወጣ እጄ እንደሚያልበው ነገርኳት። ሳቀች። «ታዲያ የአንቺ ጥቅስ የትኛው ነው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ገና እየፈለግሁ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አላስጠናትም። መጽሐፍ ቅዱሱን ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ፤ እኔም የራሴን አነባለሁ፤ ስትጠይቀኝ እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ስለ እሷ መጸለዬን ግን አልተውኩም። እስካሁን ጥቅሷን አልነገረችኝም።

እናንተስ፣ በቤታችሁ ልጆቻችሁ የሚናገሩት የማንን ቃል ነው? ጌታ ልጆቻችንን በፍቅሩ ይሳባቸው፤ ለእኛም የመታገሥን ጸጋ ይስጠን። ተባረኩ።