የደቻቱ ሒሳብ

ስለ ድሬዳዋ የሚጻፍ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በባቡር ፊሽካ ይጀምርና በልጆቿ ግልጽነት ያበቃል። የቀፊራ ገበያ ቀለም፣ የከዚራ ዛፎች፣ ሰውን ከቤቱ አውጥቶ በረንዳ ላይ የሚያስተኛው የሌሊት ሙቀት፣ ሁሉም ተጽፏል፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ግን ብዙም ያልተጻፈበትን፣ ነገር ግን እያንዳንዱ የድሬ ቤተሰብ በየጓዳው ሲያሰላው የኖረውን ጉዳይ ነው። ይኸውም «የት ብኖር ይረክስልኛል? የት ብኖር በሰላም አድራለሁ?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ ቢኖራቸው ኖሮ ጽሑፍ ባላስፈለጋቸው ነበር። በድሬዳዋ ግን ከ120 ዓመት በላይ ሲጋጩ ኖረዋል።

የሐረር ዳርቻ

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኔ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው መድረሻ ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐረር የምሥራቁ ንግድ እናት፣ ቡናውም ቆዳውም የሚሰበሰብባት ጥንታዊት ከተማ ነበረችና ሌላ መድረሻ ማሰብ የሚቻል አይመስልም ነበር። ዳሩ ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ከጅቡቲ በረሃ የመጣ ሐዲድ ያንን ተራራ ይውጣ ቢባል የሚጠይቀው ገንዘብ ኩባንያው የሚችለው አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ ከግርጌው፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቆመ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደረሰ። አዲሱ ሥፍራም «አዲስ ሐረር» ተባለ።

አንባቢ ይህን ስም ልብ ይበልልኝ። ዛሬ ራሷን የቻለች ታላቅ ከተማ የሆነችው ድሬዳዋ ስትወለድ የሐረር ዳርቻ ነበረች። የተወለደችውም ከወጪ ስሌት ነው። ከላይ መውጣት ስለተወደደ ከታች ተቆረቆረች። ያም ሆኖ ቁጠባው ኩባንያውን ከኪሳራ አላዳነውም፤ ሐዲዱን ወደ አዲስ አበባ የቀጠለው በእግሩ የተተካው ሌላ ኩባንያ ሲሆን ባቡሩ ዋና ከተማይቱ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለከተማይቱ የተረፋት ግን የቆመችበት ቦታ ነው። ከተራራ ግርጌ የሰፈረ ሰው ከተራራው የሚወርደውን ሁሉ መቀበሉ አይቀርም፤ ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ደግሞ ቡናና ጫት ብቻ አይደለም።

ከወዲህና ከወዲያ

ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ግመል ይነዳበታል፤ ሰው አቋርጦት ወደ ገበያ ይሄዳል። ከተማይቱ የተከፈለችው በዚህ የአሸዋ መስመር ነው። በሰሜን ምዕራቡ ወገን ከዚራ አለ። ባቡር ጣቢያውን ይዞ፣ መንገዱ በመስመር ተቀዶ፣ ዛፍ ተተክሎለት፣ ለኩባንያው ሠራተኞችና ለውጭ አገር ነጋዴዎች የተሠራ ሠፈር ነው። በደቡብ ምሥራቁ ወገን መጋላ አለ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ አማራው፣ ጉራጌው እየመጣ ጎጆውን እንደቻለ የቀለሰበት፣ መንገዱ በሰው እግር የተቀደደ፣ ቀፊራን የመሰለ ገበያ ያቀፈ ነው።

ካርታውን ዘርግቶ የተመለከተ ሰው ሜዳው የመጀመሪያ ምርጫ ለማን እንደደረሰ ይገባዋል። ካርታ ያለው ኩባንያ መርጦ ሠራ፤ ካርታ የሌለው ደግሞ ሥራ ካለበት ተጠጋ። ሥራው ከገበያው ነበር፤ ገበያው ደግሞ ከወንዙ አጠገብ። ሰው እየበዛ ሲሄድ ማንም የማይፈልገው፣ ስለዚህም ኪራዩ የማይከብደው የቀረ መሬት የወንዙ ዳር ሆነ። እንዲህ እያለ ነው የደቻቱ ዳር በቤት ላይ ቤት የተደረደረበት። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት አሸዋ ሆኖ የኖረን ወንዝ ማን ይፈራዋል?

የሦስት ትውልድ ፍርሃት

ደኅንነት የሚባለው ነገር ለሁሉም ዘመን አንድ ዓይነት አለመሆኑን የተማርኩት ከገዛ ቤተሰቤ ነው። አያቴ ከከተማ ዳርቻ መኖርን አጥብቀው የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ምክንያታቸው ወንዝ አልነበረም። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ባጠቃ ጊዜ ውጊያው የደረሰው ከከተማይቱ ዳርቻ ነበር። «ጠላት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ዳር ያለውን ነው» ይሉ ነበር። ለእርሳቸው አስተማማኝ ቤት ማለት በጎረቤት የተከበበ፣ መሀል ከተማ ያለ ቤት ነው። ከደቻቱ ጥቂት እርምጃ መሆኑን እንደ አደጋ አይቆጥሩትም ነበር።

በእናቴ ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ ኪራይንም ቀነሰ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ቀበሌዎች ተረከቡ። ለድኻው ይህ ታላቅ እፎይታ እንደነበረ መካድ አይቻልም። በሌላ በኩል ግን ሰውን ካለበት ቸከለው። በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበትን የቀበሌ ቤት ለቆ በሌላ ሠፈር በእጥፍ ድርብ ኪራይ የሚገባ ሰው ከየት ይመጣል? ተከራዩ የራሱ ያልሆነውን ግድግዳ አያድሰውም፤ ቀበሌው በዚያች ኪራይ አያድሰውም። የጭቃው ግድግዳ ከዓመት ዓመት እየላላ፣ ሰውም እዚያው እየወለደና እየዳረ ኖረ። እናቴም በመጋላ ወገን፣ ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ፣ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አሳደገችን።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ለማለት አይቻልም። በ1973 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል። ይሁንና የሞተው ተቀበረ፤ የፈረሰው ተጠገነ፤ አሸዋውም ደረቀ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ከተማው በተኛበት ሰዓት፣ ከደጋው የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ወረደ። የደቻቱ ክፉ ጠባይ ይህ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ዛፉ ከተመነጠረው ከሐረርጌ ተራሮች ላይ ነው፤ ከታች ያለው ሰው ጠብታ ሳይነካው ሊያድር ይችላል። አቀበቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ከተማ ለመግባት ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠፍተው ቀሩ፤ 10,000 ያህል ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ ከተሜ ነዋሪ ቁጥር 233,224 እንደነበር ስናስታውስ፣ ያን ሰሞን ለቅሶ ያልደረሰ ቤት እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

ከእናቴ ቤት ውሃው ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። ሁለት ቤት ዝቅ ብለው የነበሩ ጎረቤቶቻችን ግን አልተረፉም። እርሟን ካወጣች በኋላ ከዚያ ሠፈር እንድትለቅ ለመንናት። የሰጠችኝ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ልጄ፣ ከወንዙ ስርቅ ከገበያዬም እርቃለሁ።»

ይህን አነጋገር ብዙ ሰው እንደ ግትርነት ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ስሠራው ትክክል ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ቀፊራ አትክልት ትሸጣለች። ከደጋ የሚወርደውን ጎመንና ድንች ለመረከብ ከለሊቱ 11 ሰዓት ገበያ መድረስ አለባት። በእግሯ ትሄድ የነበረችው ሴት ሳቢያን ብትገባ ሌሊት መኪና ልትፈልግ ነው፤ ሸክም ይዛም ልትከፍል ነው። የተበላሸባትን ቀን በዱቤ የሚያሳልፋት ባለሱቅ እዚያ የለም። እቁቧ እዚህ ነው። እድሯ እዚህ ነው፤ አዲስ እድር ለመግባት መግቢያ ይከፈላል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት ለድኻ ሰው ምክር ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እንግዲህ በየቀኑ በእርግጥ የሚመጣው ወጪ ከአንድ ጎን፣ በስንት ዓመት አንድ ሌሊት የሚመጣው ሞት ከሌላው ጎን ሲመዘኑ፣ የዕለት ጉርሷን ለምታስብ ሴት ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው። የሚያሳዝነው ሒሳቡ ትክክል መሆኑ ነው።

ከጎርፉ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ይጠቅማል። ነገር ግን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ እንደገና መጥቶ ሰው ገድሏልና ተማምኖ የሚተኛበት ግድግዳ አይደለም።

ከጎርፉ ሸሽቶ ወዴት?

አሁን ደግሞ ተራው የእኅቴ ሆኗል። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ባለፈው ዓመት ቤት ስትፈልግ ሦስት ነገር ቀረበላት። መጋላ ውስጥ አሮጌ ቤት፣ ሳቢያን ጠበብ ያለ የኪራይ ቤት፣ ወይም በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ ከገበሬ የሚገዛ ቁራሽ መሬት። ከሦስቱ ዋጋው ልብ የሚያማልለው የመጨረሻው ነበር።

መልካ ጀብዱ ከከተማው በስተምዕራብ ወጣ ብሎ የሚገኝ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከዚራ እምብርት ሳይሆን ወደዚያ አቅጣጫ ካደረገ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ከሆነች ወዲህ፣ የሰው ዐይን ወደዚያ አዘንብሏል። በ1895 ዓ.ም. የሆነው እንደገና እየሆነ ነው ለማለት ይቻላል፤ ባቡር ባለፈበት ዳርቻ ይወለዳል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ዐዋጅ ከወጣ ጀምሮ የከተማ መሬት በሕግ የሚገኘው በሊዝ ነው። ገበሬው በውል ወረቀት የሚሸጠው መሬት ካርታ የለውም። ሰዉ «ጨረቃ ቤት» የሚለው፣ በሌሊት ተጀምሮ በሌሊት የሚያልቀው ቤት፣ ከደራሽ ውሃ ቢያመልጥም ከአፍራሽ ግብረ ኃይል አያመልጥም። አያቴ ጦርን ፈሩ፤ እናቴ ወንዝን ፈራች፤ እኅቴ ደግሞ ወረቀትን ፈራች። ሦስቱም ፍርሃት ቤትን የሚያሳጣ ነው።

ሳቢያንስ? ሳቢያን ደህና ሠፈር ነው። ከደቻቱ ይርቃል፤ መንገዱ ሰፋ ያለ ነው፤ ታክሲና ባጃጅ አያጣም። ግን ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ድሬዳዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ከሚቀዳባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሳቢያን ነው። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ከተማ ቤት በተሠራ ቁጥር የሚቆፈረው መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ባለሙያዎች ከዚያ አካባቢ ጉድጓዶች በተወሰደ ውሃ ውስጥ ናይትሬት የተባለው ንጥረ ነገር መብዛቱን ካረጋገጡ ቆይተዋል። ናይትሬት ሲበዛ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። እንግዲህ ከላይ ከሚመጣው ውሃ ሸሽተን የሰፈርንበት ሥፍራ፣ ከታች የሚቀዳውን ውሃ የምናበላሽበት ሆነ ማለት ነው።

እኅቴ በመጨረሻ ሳቢያን ገባች። አንድ ክፍል ቀንሳ፣ ኪራይ ጨምራ። የባጃጁ ወጪ ከወር ደመወዟ የሚቆርሰውን እያሰላች ትማረራለች፤ ክረምት ሲመጣ ግን ልጆቿን አስተኝታ ትተኛለች። እናቴ እዚያው መጋላ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ለሊቱን ከእኅቴ ዘንድ እንድታድር ተስማምተናል፤ አንዳንድ ቀን ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን ገበያው ያስቀራታል።

ማን ይክፈል?

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ማንም ቤት ፈላጊ ይህን ምረጥ ያን ተው ለማለት አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ጓዳ ያውቃል። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። በወንዝ ዳር የሚኖረውን ሰው «ለምን አትለቅም?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ከጥያቄው በፊት ግን ደኅንነት በድሬዳዋ ለምን ይህን ያህል እንደተወደደ መጠየቅ ይገባል። ለሊቱን 11 ሰዓት ቀፊራ የሚያደርስ ርካሽ መጓጓዣ ቢኖር፣ ከከተማው ወጣ ያለው መሬት ድኻው በሚችለው ዋጋ ካርታ ይዞ ቢገኝ፣ የሳቢያን ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃው ቢለይ፣ ተራራው ላይ ዛፍ ቢመለስ፣ የእናቴ ሒሳብ ሌላ መልስ ይሰጥ ነበር። እነዚህ ነገሮች ካልተሟሉ ግን ለተጎጂው አዲስ ቤት ተሠርቶ ቢሰጠው እንኳ፣ ለቆት የሄደውን የወንዝ ዳር ከእርሱ የባሰ ድኻ መጥቶ ይሰፍርበታል።

በአማርኛ «የወንዝ ልጅ» ስንል አብሮ አደግን ማለታችን ነው። የድሬ ሰው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሬሳ ሲያወጣና የተረፈውን ሲያስጠጋ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አልተጠያየቀም፤ ከዚራውም መጋላውም የአንድ ወንዝ ልጅ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ በለቅሶ ያዋጣነውን ያህል፣ ወንዙ ደርቆ ባለበት በዛሬው ቀን ማዋጣት ከቻልን ነው ሒሳቡ የሚቃለለው። ክረምት ሲገባ ጊዜ የለም።