ከአባን እስከ ፖሊሲ፤ የመንገደኛ ዋስትና አጭር ታሪክ

ከአገሩ የሚወጣ ሰው ሁሉ በልቡ የሚይዘው አንድ ጥያቄ አለ፤ «አንዳች ነገር ቢደርስብኝ ማን ይደርስልኛል?» የሚል። ዛሬ ከጅቡቲ ተነሥቶ ባሕር ማዶ የሚሻገር መንገደኛ ከፓስፖርቱ ጋር የሚይዘው የጉዞ መድን ለዚሁ የቆየ ጥያቄ ዘመኑ የሰጠው መልስ ነው።

አካባቢያችንም የራሱ መልስ ነበረው። ከዘይላና ከበርበራ ወደ መሐል አገር የሚገባ እንግዳ በሱማሌዎች ዘንድ «አባን» የሚባል ጠባቂ ይይዝ ነበር። አባን ክፍያ ተቀብሎ የእንግዳውን ሕይወትና ንብረት በጎሣው ክብር የሚዋስ ሰው ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ሁለት እንግሊዛውያን በዚህ ልማድ ተጓዙ። ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ በ1855 መግቢያ ሐረር ደረሰ፤ በደኅናም ወጣ። ጓደኛው ጆን ስፔክ ግን የያዘው አባን ንብረቱን እያጎደለና ጉዞውን እያጓተተ ካሰበው ከኖጋል ሸለቆ ሳይደርስ አስቀረው፤ ስፔክም በኤደን ከሰሰው። ሁለቱም ከፍለዋል፤ ልዩነቱ ግን የተከፈለው ለማን ነው፣ ተዋሹስ ቃሉን ይጠብቃል ወይ የሚለው ነበር።

የባቡር ዘመን ሲመጣ የጎሣን ቦታ ኩባንያ ተካው። በ1849 በለንደን የተቋቋመ የባቡር መንገደኞች መድን ኩባንያ ዋስትናን እንደ ቲኬት በጣቢያ ይሸጥ ጀመር፤ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ በ3 ፔንስ የ1,000 ፓውንድ፣ የሦስተኛው ማዕረግ በ1 ፔኒ የ200 ፓውንድ ሽፋን ያገኝ ነበር። በኢትዮጵያ በ1905 የተመሠረተው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ መድን ኩባንያ ወኪል ሆኖ ሠራ። በ1951 የመጀመሪያው አገር በቀል የመድን ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1975 ኩባንያዎቹ ተወረሱ፤ በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ደግሞ ዘርፉን ለግል ባለሀብት ከፈተ።

የጉዞ መድንን የግዴታ ወረቀት ያደረገብን ግን የአውሮፓ ቪዛ ነው። ከ2004 ጀምሮ የሸንገን ቪዛ ጠያቂ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን በዚህ ምክንያት ዋጋው ዝቅ ያለውን ገዝተን፣ ሳናነበው ከማመልከቻው ጋር እናያይዘዋለን። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

እንደ ተርጓሚ በእጄ ካለፉት የፈረንሳይኛ ውሎች አንባቢን የሚያሳስተው ዋናው ቃል «ፍራንሺዝ» ነው። የቃሉ ሥር ነጻ መሆንን ያመለክታል፤ በውሉ ውስጥ ግን ነጻ የሚወጣው መድን ሰጪው ነው። ከሕክምናው ወጪ ያን ያህሉን መንገደኛው ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነውና አረቦኑ ርካሽ ሲሆን ይህ መጠን ከፍ ማለቱን ማየት ይገባል። «ራፓትሪማን» የሚለውም በሽተኛን ወደ አገር መመለስንና አስከሬን መመለስን ያጠቃልል እንደሆነ፣ እስከ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚሸፍንም መጠየቅ ያሻል። በስደት አገር አስከሬን ለመሸኘት ስንት ጊዜ መዋጮ እንደተሰበሰበ የማያውቅ የለም።

ሌላም አለ። የጉዞ መድን በድንገት ለደረሰ ሕመም እንጂ ለሕክምና ብሎ ለሚሄድ ሰው የታሰበ አይደለም። የቆየ ሕመምን የደበቀ፣ ውሉ ከሚጸናበት አገር ወይም ቀን ውጭ የታመመ ሰው ካሳ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ የአገሮቹን ዝርዝርና የመመለሻውን ቀን ማስተያየት፣ በአስቸኳይ የሚደወልበትን ስልክ ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ፣ ሆስፒታል ሲገቡም ቶሎ ማስታወቅና ደረሰኝ ማስቀመጥ ይገባል።

እድራችን የሚደርሰው በሰፈራችን ነው፤ ባሕር ማዶ የሚደርሰው የተፈረመው ቃል ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዘመኑን አባን ከመያዛችን በፊት ምን እንደተዋሰ እናንብብ።