«ኢን»፦ አንድ ባዕድ መነሻ፣ ሁለት የዘር ሐረግ



ነዳጅ በሚያመላልሱ ቦቴዎች ላይ «ፍላመብል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳታዩ አልቀራችሁም። ትርጉሙ «በቀላሉ ተቀጣጣይ» ነው። በቆዩ የኬሚስትሪ መጻሕፍት ደግሞ «ኢንፍላመብል» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ተማሪዎቼን የዚህን ትርጉም ስጠይቃቸው «የማይቀጣጠል» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነቱ ግን የሁለቱ ቃላት ትርጉም አንድ መሆኑ ነው። ስሕተቱ ከስንፍና የመነጨ አይደለም፤ «ኢን» አፍራሽ ነው ብለን ያስተማርነውን ደንብ በታማኝነት ከመከተል የመነጨ ነው። ዛሬ የማስረዳው ይህ ደንብ ግማሽ እውነት ብቻ የሆነበትን ታሪካዊ ምክንያት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከላቲን ነው። ላቲን በድምፅ አንድ የሆኑ፣ በዘር ግን የማይገናኙ ሁለት መነሻዎች ነበሩት። አንደኛው አፍራሽ ሲሆን፣ የግሪኩ «አ» እና «ደስተኛ ያልሆነ» በሚለው «አንሃፒ» ላይ የምናገኘው የእንግሊዝኛው «አን» ዘመዶቹ ናቸው። ሁለተኛው «በውስጥ፣ ወደ ውስጥ» የሚል ፍቺ ያለው መስተዋድድ ነው። ሁለቱም ከሚቀጥለው ፊደል ጋር እየተስማሙ ድምፃቸውን ይለውጣሉ፤ ለውጡም አንድ ዓይነት ስለሆነ በመልክ መለየት አይቻልም። «ኢሊጋል» ሕገ ወጥ ነው፤ «ኢሉሚኔት» ግን ብርሃን መስጠት ነው። «ኢሬጉላር» ከደንብ ውጭ የሆነ ነው፤ «ኢሪጌት» ግን በመስኖ ማጠጣት ነው።

ይህ አሻሚነት በላቲን ውስጥም ነበረ። «ኢንፌክቱስ» የሚለው ቃል በአንድ በኩል «ያልተሠራ»፣ በሌላ በኩል «የተነከረ፣ የተበከለ» ማለት ነበር። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንሰማው «ኢንፌክሽን» የሁለተኛው ወገን ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ጎረፉ። ቀጥሎም በተለይ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንቱ በቀጥታ ከላቲን ብዙ ቃላት ተዋሱ። ሁለቱ «ኢን»ዎች በአንድ በር ገቡ፤ አንዳንዴም በአንድ ቃል ላይ ተጋጩ። ለዚህ ጥሩ ምስክር «ኢንሃቢተብል» ነው። ሼክስፒር «ሪቻርድ ሁለተኛ» በተሰኘው ተውኔቱ ይህን ቃል ሰው ሊኖርበት ለማይችል ምድር ተጠቅሞበታል። የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ቃሉን ሰው ሊኖርበት የሚችል ስፍራ ብሎ ይረዳዋል። ፈረንሳይኛ በበኩሉ የቀድሞውን አፍራሽ ትርጉም እስከ ዛሬ ጠብቆታል። አንድ ቃል፣ በሁለት ጎረቤት ቋንቋዎች፣ ሁለት ተቃራኒ ፍቺ!

እንግሊዝኛ ከዚህ ችግር የወጣው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በነባሩ ቃል ላይ የራሱን «አን» መደረብ ነው፤ ሰው የማይኖርበትን ስፍራ ዛሬ «አንኢንሃቢተብል» ይለዋል። ሁለተኛው አሳሳቹን «ኢን» መቁረጥ ነው፤ በ«ኢንፍላመብል» ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ቃሉ የተሠራው በ«ፍላመብል» ላይ አፍራሽ መነሻ በመጨመር አልነበረም። «ማቀጣጠል» ከሚለው ግሥ፣ መነሻውን ከያዘው፣ ተወልዶ «የሚቀጣጠል» ሆነ እንጂ። «ፍላመብል» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተመዘገበው ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። ቃሉ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ይህን አጭር ቃል እንዲጠቀሙ አሳሰበ፤ በ1959 የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋም ተመሳሳይ አቋም ያዘ። ምክንያቱ የሰዋስው ውበት አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያውን በተቃራኒው የተረዳ ሰው ክብሪት ሊጭር ይችላል የሚል ስጋት እንጂ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከግእዝ የወረስነው «ኢ» አፍራሽ ነው፤ ኢሰብአዊ፣ ኢፍትሐዊ፣ ኢመደበኛ እንላለን። ግእዝ ሴማዊ፣ ላቲን ደግሞ ኢንዶ-አውሮፓዊ ስለሆነ ይህ «ኢ» ከላቲኑ «ኢን» ጋር ዝምድና የለውም። ሆኖም «ኢንፎርማል»ን «ኢመደበኛ» ብለን ስንተረጉም ሁለቱ እጅግ ስለሚገጣጠሙ፣ ተማሪው ግጥጥሙን ደንብ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም።

አፍራሹን በትክክል መለየት እንኳ ሁልጊዜ አይበቃም። በ«ኢንቫሊዩብል» ላይ ያለው «ኢን» በእርግጥ አፍራሽ ነው፤ ቃሉ ግን «ዋጋ ቢስ» ማለት አይደለም። የሚያፈርሰው ዋጋውን ሳይሆን መተመኑን ነው። አማርኛችን «በዋጋ የማይተመን» ሲል ያንኑ መንገድ ተከትሏል።

እንግዲህ የባዕድ መነሻዎችን ዝርዝር እንጣል አልልም። ዝርዝሩን ስናስተምር ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ መነሻው የተጣበቀው በምን ላይ ነው? አፍራሹ «ኢን» በአብዛኛው ቅጽልን ይከተላል፤ አቅጣጫ አመልካቹ ደግሞ ግሥን። ይህም ቢሆን የማያወላዳ ሕግ ሳይሆን መንገድ ጠቋሚ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ዳኛ የቃሉ ታሪክ ነው። የምህንድስናና የሕክምና ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ እየተማሩ ነገ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አንባቢ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊም ይሆናሉና፣ ይህን ጥያቄ ከወዲሁ መልመድ ይገባቸዋል።