የጋራ ልክና ርካሽ ድምፅ፦ የመኪና ድምፅ መሣሪያን የማሻሻል ልማድ ታሪክ

የመኪናን የድምፅ መሣሪያ በባለቤቱ ምርጫና ወጪ የማሻሻል ልማድ፣ ፋብሪካዎች ራዲዮ የተገጠመለት መኪና ማቅረብ ከማዘውተራቸው በፊት የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ጋልቪን የተባለው የቺካጎ ኩባንያ «ሞቶሮላ» ብሎ ለገበያ ያወጣው የመኪና ራዲዮ ለብቻው ይሸጥ ነበር፤ ዋጋውም የአንድ አዲስ ፎርድ ሞዴል ኤ አንድ አምስተኛ ያህል ነበር። ገጣሚው የአንቴናውን ሽቦ በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ መዘርጋት፣ የራዲዮውን ባትሪዎች ከወለል በታች ማኖር፣ ከካንዴላና ከዲናሞ ተነሥቶ ድምፁን የሚረብሸውን የኤሌክትሪክ ጩኸት ማፈን ስለነበረበት፣ ሥራው ጊዜም ሙያም የሚጠይቅ ነበር።

ይህ ልማድ ወደ ብዙኃኑ የደረሰው በቴክኒክ መሻሻል ብቻ ሳይሆን፣ አምራቾች በጋራ ልክ በመስማማታቸው ጭምር ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀውን ካሴት ሌሎች አምራቾችም ያለ ክፍያ እንዲሠሩበት በመፍቀዱ፣ ካሴትና ማጫወቻው በዓለም ተሰራጭተው ዋጋቸው ቀነሰ። በኢትዮጵያም ካሴት ሸክላን ሲተካ ሙዚቃ በታክሲና በአውቶቡስ ከተሳፋሪው ጋር መጓዝ ጀመረ። ቀጥሎም ዲን የሚባለው የጀርመን የደረጃዎች ተቋም በዳሽቦርድ ላይ ለሚቀመጠው ቴፕ 180 በ50 ሚሊሜትር የሆነ የፊት ልክ ወሰነ፤ ይህም ልክ ኋላ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ኩባንያ ቴፕ ከሌላው ኩባንያ መኪና ጋር ሊገጥም በመቻሉ፣ ያገለገለ ዕቃ መግዛትም ሆነ የቆየውን በአዲስ መተካት አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ሰው ተቻለ።

የጋራው ልክ ሌላም ነገር ግልጽ አደረገ፤ ክፍሎቹ ተለያይተው መሸጥ ከቻሉ፣ ገንዘብ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ መመርመር ይቻላል። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ በመሆኑ፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር (ኦም ማለት ሽቦው ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው የመቋቋም መለኪያ ነው) ከቴፑ ሳይዛባ የሚያገኘው ኃይል ከ20 ዋት ብዙም አይበልጥም፤ በካርቶን ላይ 50 ዋት ተብሎ የሚጻፈው ድምፁ ሳይዛባ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። ስለዚህ ቁጥር አይቶ ቴፕ ከመለወጥ ይልቅ፣ ፋብሪካው በቁጠባ የገጠመውን ቀላል የወረቀት ስፒከር ባነሰ ኃይል በቂ ድምፅ በሚሰጥ መተካት፣ በሩም እንዳይንቀጠቀጥ ቆርቆሮውን ንዝረት በሚውጥ ነገር መለበድ ይቀድማል። አምፕሊፋየር፣ ማለትም ከባትሪው በቀጥታ ኃይል ወስዶ የድምፁን ጉልበት የሚያሳድገው መሣሪያ፣ ይህ ተሠርቶ ካላረካ ብቻ የሚታሰብ ወጪ ነው።

በዘመናችን ቴፑ ከአየር ማቀዝቀዣውና ከሌሎች የመኪናው መቆጣጠሪያዎች ጋር በአንድ ስክሪን እየተዋሐደ በመምጣቱ፣ ያ የጋራ ልክ ከብዙ ዳሽቦርዶች ጠፍቷል። ስፒከር መለወጥ ዛሬም ቢቻልም፣ ሌላውን ክፍል ለመንካት የሚፈልግ ባለቤት ውድ አገናኝ መሣሪያ ለመግዛት ይገደዳል። ታሪኩ የሚያስተምረው ግን መልካም ድምፅ ለብዙኃኑ የተዳረሰው ክፍሎች ሊፈቱና ሊለወጡ በቻሉበት ዘመን መሆኑን ነው፤ ስለሆነም የጋራ ልክን መጠበቅ የአምራቾች የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ገዢው በንብረቱ ላይ ያለውን ሥልጣን ማስከበርም ነው።