ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ፦ ሃይማኖትን በዜማ ያስተማረ ዲያቆን

ቅዱስ ኤፍሬም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮምና በፋርስ መንግሥታት ወሰን ላይ የኖረ ዲያቆን፣ መምህርና ባለቅኔ ነው። ድርሰቱን የጻፈው በሱርስት ቋንቋ ነው። በዘመኑ የነበሩ ሌሎች ሊቃውንት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በክርክርና በሐተታ ሲያብራሩ እርሱ ግን አብዛኛውን በዜማ አስተማረ፤ የረቀቀው ምስጢር ማንበብ በማይችለው ምእመን አፍ እንዲገባ አደረገ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ306 ገደማ በንጽቢን ነው። ከተማዋ ዛሬ ኑሳይቢን ትባላለች፤ በቱርክና በሶርያ ድንበር ላይ ትገኛለች። የኋላ ዘመን ገድሎች ከአረማውያን ቤተሰብ መወለዱን ይተርካሉ፤ በራሱ መዝሙራት ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በክርስትና መንገድ እንዳደገ ይናገራል። መምህሩ የንጽቢን ኤጲስ ቆጶስ ያዕቆብ በ325 በኒቅያ ጉባኤ ከተገኙት አባቶች አንዱ ነበር። ኤፍሬም ከእርሱ እግር ሥር ተምሮ መምህር ሆነ፤ ዲቁናን ተቀብሎም እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያው ማዕረግ ቆየ።

ንጽቢን የወሰን ከተማ በመሆኗ ጦርነት አልተለያትም። የፋርሱ ንጉሥ ዳግማዊ ሻፑር በ338፣ በ346 እና በ350 ከበባት። በሦስተኛው ከበባ ፋርሶች የምግዶንዮስን ወንዝ ገድበው ውኃውን በቅጥሩ ላይ ለቀቁት። ቅጥሩ ተናደ፤ ሆኖም መሬቱ ረግረግ ስለ ሆነ ፈረሶቹና ዝሆኖቹ በጭቃ ተያዙ፤ ሕዝቡም የፈረሰውን መልሶ ገነባ። ኤፍሬም ስለ ንጽቢን ባቀረባቸው መዝሙራት ከተማዋን በማዕበል መካከል እንደ ተንሳፈፈችው የኖኅ መርከብ አድርጎ ያናግራታል። በዚህም የእያንዳንዱ ሰው መከራ በጋራ ጸሎት ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

በ363 ንጉሠ ነገሥት ዮልያኖስ በፋርስ ዘመቻ ሞተ። ተተኪው ዮቪያኖስ ሠራዊቱን ለማትረፍ ሲል ንጽቢንን ለፋርስ አሳልፎ ሰጠ፤ ክርስቲያኑም ከተማውን እንዲለቅ ተደረገ። ኤፍሬም የዮልያኖስ አስከሬን ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጦ፣ የፋርስም ሰንደቅ በግንቡ ላይ ተሰቅሎ ማየቱን በመዝሙሩ መዝግቧል። ከዚያ በኋላ ከስደተኞቹ ጋር ወደ ምዕራብ ተጉዞ ዛሬ ኡርፋ በምትባለው በኤዴሳ ተቀመጠ።

ኤዴሳ የብዙ ትምህርቶች መናኸሪያ ነበረች። የመርቅያን፣ የማኒና የአርዮስ ተከታዮች በዚያ ያስተምሩ ነበር። በ222 የሞተው ፈላስፋው ባርዳይሳን ደግሞ በዳዊት መዝሙር አምሳል 150 መዝሙራት ደርሶ ነበር፤ ጣዕማቸውም ወጣቶችን እንደ ማረከ ኤፍሬም ይመሰክራል። መልሱም በዜማ ሆነ። መድራሻ በተባለው የመዝሙር ዓይነት አንድ መሪ እያንዳንዱን ክፍል ያዜማል፤ ሕዝቡ ደግሞ በአዝማች ይቀበላል። በመዝሙሩ ራስ ላይ ዜማው በስሙ ይጠቀሳል፤ ስለዚህ ዜማውን የሚያውቅ ሁሉ አዲሱን ቃል ወዲያው ሊከተል ይችላል።

መዝሙራቱን በቤተ ክርስቲያን ያዜሙ የነበሩት በድንግልና ለመኖር ቃል የገቡ ሴቶች ናቸው። በ521 ያረፈው ያዕቆብ ዘሥሩግ ስለ ኤፍሬም በደረሰው የግጥም ስብከት፣ ዝም እንዲሉ ይጠበቅባቸው የነበሩትን ሴቶች እንዲያዜሙ ማስተማሩን እንደ ታላቅ ሥራ ቆጥሮ ያመሰግነዋል።

የኤፍሬም ትምህርት መሠረቱ ትሕትና ነው። የእግዚአብሔርን ባሕርይ መርምረው ለመጨረስ የሚሹትን አጥብቆ ይቃወማል፤ እግዚአብሔር ለሰው ሲል የሰውን ቃል እንደ ልብስ ለበሰ፣ በመጻሕፍትና በፍጥረትም ምሳሌዎችን አኖረ ብሎ ያስተምራል። ስለ እምነት ከደረሳቸው መዝሙራት አምስቱ ስለ ዕንቁ ናቸው። ባለቅኔው ዕንቁውን በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል፤ በንጽሕናው፣ በብርሃኑና ከባሕር በመውጣቱ የክርስቶስን፣ የድንግል ማርያምንና የጥምቀትን ምሥጢር ያይበታል።

በሕይወቱ ፍጻሜ በኤዴሳ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ባለጠጎች እህላቸውን የሚያከፋፍልላቸው ታማኝ ሰው የለም ብለው ሲያመካኙ ኤፍሬም ኃላፊነቱን ተቀበለ። ታሪክ ጸሐፊው ጰላድዮስ እንደሚተርከው በሰጡት ገንዘብ 300 ያህል አልጋዎች አዘጋጅቶ የተራቡትን አስታመመ፤ የሞቱትንም አስቀበረ። ረኃቡ ሲያልፍ ወደ በዓቱ ተመለሰ፤ ሰኔ 9 ቀን 373 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ድርሰቶቹ ቶሎ ከሱርስት ወሰን ወጡ። ሊቁ ሄሮኒሞስ በ392 ሲጽፍ የኤፍሬም ጽሑፎች በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ቀጥለው ይነበቡ እንደ ነበር ይገልጻል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሶርያ የተገኘው ማሕሌታዊ ሮማኖስ የኤፍሬምን መንገድ በጽርእ ቋንቋ ቀጠለበት። የሮም ቤተ ክርስቲያንም በ1920 ከታላላቅ መምህራኗ ቆጠረችው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኤፍሬም ሐምሌ 15 ቀን ይታሰባል። በትውፊቱ የውዳሴ ማርያም ደራሲ እርሱ ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ በሰባት የተከፈለው ይህ ጸሎት ዕለት ዕለት ይደረሳል፣ በአብነት ትምህርት ቤት በዜማ ይጠናል፣ በአንድምታም ይተረጐማል። ተመራማሪዎች ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ምስጋናዎች ጋር ያለውን የቅርብ ዝምድና ቢያሳዩም አካሄዱ የኤፍሬምን ትምህርት ያስታውሳል፤ ሔዋንን ከማርያም ጋር ያነጻጽራል፣ ሙሴ ያያትን ዕፅና የምስክሩን ድንኳን የድንግል ምሳሌ ያደርጋል። ቃሉ በቃል ስለሚያዝ፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመንም ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ የሚነገረውን ጥልቅ ትምህርት በየዕለቱ ጸሎቱ ይማራል።