የነፃ ትምህርት ዕዳ

በስደት በምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ዘንድ ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ አንድ አባባል አለ። ይኸውም «ከእኛ በፊት የነበረው ትውልድ በነፃ ተማረ፤ እኛ ግን የወላጆቻችንን ጉልበት እየበላን እንማራለን» የሚለው ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ይሁን እንጂ «ነፃ» የሚለው ቃል ትምህርቱ ዋጋ እንዳልነበረው አያስረዳም፤ ከፋዩ በመዝገብ እንዳልሰፈረ ብቻ ያስረዳል። የተማሪውን እንጀራ ማን እንደሚያቀርብ መጠየቅም ተማሪው ለማን እንደሚታዘዝ መጠየቅ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካም ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረውን የቤተ ክህነት ትምህርት አስቀድመን እንመልከት። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ፣ አንዳንዴም አባቱ ሳያውቅ ኮብልሎ፣ ደበሎ ለብሶና አኮፋዳ አንግቦ ከደብር ወደ ደብር ይዞር ነበር፤ ዜማውን በአንዱ አገር፣ ቅኔውን በሌላው፣ መጻሕፍቱን በሦስተኛው ይማራል። የሚመግበው የማያውቀው መንደር ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ ሲቆም ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት ውለታ ውላለሁ ብላ ነገ የምታዝዘው ነገር የለም። የሚታዘዘው ለየኔታ ብቻ ነበር። ወላጅ የከፈለው በገንዘብ ሳይሆን ልጁን በማጣት ነው፤ ከብቱን የሚጠብቅ፣ እርፉን የሚረከብ እጅ ከቤቱ ጎደለ። ይህን ሥርዓት ልናሞግሰው አልተነሣንም። ረሃቡንና የውሻ ንክሻውን ያለፉበት ሽማግሌዎች ነግረውናል፤ ሴት ልጅም ከጥቂቶች በቀር ከበሩ አልደረሰችም። ልብ ልንለው የሚገባው ወጪው በመንደር ሁሉ ላይ ተበትኖ ስለነበረ የልጁ ዕጣ በአንድ ከፋይ እጅ አለመውደቁን ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሲከፈት ይህ የመንደር ሸክም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ተዛወረ። (በካናዳ ለምንኖር ለእኛ አንድ ደስ የሚል ነገር እዚህ አለ፤ የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚደንት ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ የጀስዊት ማኅበር ካህን ነበሩ።) ተማሪው ለትምህርቱ አይከፍልም፣ ምግቡና መኝታውም ከኮሌጁ ነበር። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጁና ሌሎቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉም «ንጉሠ ነገሥቱ አስተማሩን» የሚለው አነጋገር አልቀረም።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከየት አመጡት? በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ነበር፤ በብዙ ቦታም ባለመሬቱ ሸክሙን ወደ ጭሰኛው ያዞረው ነበር። ግብሩ በሕግ የተመደበው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንጂ ለዩኒቨርሲቲ እንዳልነበረ ሳንናገር ብናልፍ ለታሪክ ታማኞች አንሆንም። ሆኖም ትምህርት ቤቱ በወረዳው ከተማ ተሠርቶ ልጁ በማይደርስበት ቀበሌ ግብሩን የከፈለ ገበሬ ስንት ነበር! ዩኒቨርሲቲውን የመገበው የግምጃ ቤት ገንዘብም፣ ከውጭ እርዳታው ሌላ፣ ከቡናው ቀረጥና ሰፊው ሕዝብ በየገበያው ከሚሸምተው ዕቃ ላይ የተሰበሰበ ነው። እንግዲህ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያላደረሰው ወላጅ የሌላውን ልጅ ያስተምር ነበር ማለት ነው።

ልጁን ያደረሰውስ? ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት የነበረውን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ብቻ በነበረበት ዘመን የገጠሩ ልጅ ደብረ ማርቆስ፣ ደሴ ወይም ጎንደር ገብቶ ከሁለት ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራይ ነበር። ስንቁ ከቤት ይመጣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬና ሽሮ በስልቻ ታስሮ በገበያ ቀን በሚወርድ ዘመድ ይላካል፤ ወይም ልጁ ራሱ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ተጉዞ እሑድ ማታ ተሸክሞት ይመለሳል። ለኪራዩና ለደብተሩ በግ ይሸጣል፤ በጉ ሲያልቅ ጊደር፤ በክፉ ዓመት ደግሞ በሬ። በሬ የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት መቀናጆ ፈልጎ፣ ካጣም ለምኖ ያርሳል። እናትየው በየሳምንቱ የምታከማቸው ቅቤና እንቁላል ከቤቱ ሰው አፍ የተነጠቀ ነው። እኅቱ ደግሞ እሱ የተወውን እረኝነትና እሷ የነበራትን የውኃ መቅዳት ሥራ አንድ ላይ ትይዛለች፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ሳትገባ ትቀራለች። የአንዱ ወንድ ልጅ ዲግሪ የእኅቱ መሃይምነት ዋጋ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ይህ ሁሉ በየትኛውም የበጀት ሰነድ አልተጻፈም፤ የስንቁ መንገድም በአማራ ክልል ገጠር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

በዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንጀራውን የሚሰጠው መንግሥት በሆነ ጊዜ፣ እንጀራው የመቅጫ መሣሪያም ሆነ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተማሪው ለጠንሳሾቹ ድጋፉን በአደባባይ ገለጠ፤ ጥቂት ቆይቶም በ1950ዎቹ አጋማሽ አዳሪነቱ ቀረ። ሁለቱ ነገሮች መያያዛቸው ያከራክራል፤ እኛ ግን ይያያዛሉ ባዮች ነን። በአንድ ማዕድ የሚበላና በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ወጣት ሌሊቱን ሲከራከር እንደሚያነጋ ቤተ መንግሥቱ ሳያውቅ አልቀረም። ይሁንና መንግሥት እንጀራ ሰጪ መሆኑ ሌላም ውጤት ነበረው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያለ ወደ ፓርላማ የተሰለፈው ተማሪ ሁሉ የጭሰኛ ልጅ አልነበረም፤ የባለመሬት ልጅም በመካከሉ ነበር። አባቱ በየወሩ ገንዘብ የሚቆርጥለት ቢሆን ኖሮ በአባቱ ርስት ላይ ለመሰለፍ ያን ያህል ይደፍር ነበርን? ድፍረቱ ከወላጁ ቢያድነውም ከመንግሥት አላዳነውም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚደንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ።

እስከዚህ ድረስ ወላጁ ዝም ያለ ከፋይ ነው። በ1966 ዓ.ም. ግን ድምፁ ተሰማ። «ሴክተር ሪቪው» ተብሎ የሚታወቀው የትምህርት ጥናት አብዛኛው ልጅ በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲወሰን፣ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያልፈውም ጥቂቱ እንዲሆን ያቀደ ነበር። የባለሥልጣኑ ልጅ መንገዱን እንደማያጣ፣ የሚቀረው የደሀው ልጅ እንደሆነ ለመረዳት ጥናቱን ማንበብ አላስፈለገም። መምህራን በየካቲት 11 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ወላጁ ልጄን አስተምሩልኝ ብሎ አልተጣላቸውም፤ ቁጣቸው ቁጣው ሆነ። መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። የአብዮቱን አጀማመር ስንተርክ የታክሲ ነጂውንና የወታደሩን ስም እናነሣለን፤ በሬውን ሸጦ መንገዱ ሲዘጋበት ያየውን አባት ግን እንረሳለን።

ያ ወላጅ ከሦስት ዓመት በኋላ የከፈለውን ለመጻፍ እጃችን ይከብዳል። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል የተደረገ ወላጅ እንደነበረ ምስክሮች ተናግረዋል። ከእኛ መካከልም ይህን ከአያቶቹ አፍ የሰማ አለ። ለስንቅ ስልቻ ሲሞሉ የኖሩ እጆች ያን ገንዘብ ቆጠሩ።

ከዚያ እልቂት ያመለጠው በሱዳንና በሌላም በር ወጣ፤ ከፊሉም ቶሮንቶ ደረሰ። በከተማይቱ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዶን ሸለቆ ዳር የሚገኘው ፍሌሚንግደን ፓርክ ስሙን የወረሰው የቶሮንቶ ከንቲባ ከነበረው ከሮበርት ፍሌሚንግ እርሻ ነው። እርሻው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፎቅ ቤቶች ተሞላና የአዲስ ስደተኞች ማረፊያ ሆነ። በእነዚያ ፎቆች ከሌላው ዓለም ሕዝብ ጋር ተጎራብተው የሚኖሩ የአገራችን ቤተሰቦችም አሉ። በዚህ አገር ወላጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ይሰፍራል። ኦሳፕ የሚባለው የኦንታሪዮ የተማሪዎች እርዳታ የወላጅን ገቢ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ለውጥም ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ እስከ ስድስት ዓመት ድረስ የወላጁ ጥገኛ ሆኖ ይቆጠራል፤ ቀድሞ አራት ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች የማይመለስ እርዳታ ተሰጥቶ «ነፃ ትምህርት» ተብሎ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተሻረ። ነፃነቱ እዚህም የሰጪው ፈቃድ ነበር።

የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ወላጅ ለልጁ ትምህርት በሚያጠራቅመው ላይ በመቶ 20፣ በዓመት እስከ 500 ዶላር ይጨምራል። ማጠራቀም ለሚችል መልካም ነው፤ ላለው ይጨመርለታል እንደተባለው። ጥቂት ወላጆች ብቻ የሚያውቁት ሌላ ነገር ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ለተወለደ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ፣ ወላጁ አንድ ሳንቲም ሳያስገባ፣ የትምህርት ቁጠባ ሒሳብ በመክፈት ብቻ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጣል። አንባቢ በቤቱም በጎረቤቱም ይህን ቢጠይቅ አይጎዳም። በጥገኝነት ጥያቄው ላይ ገና ውሳኔ ያላገኘ ወገናችን ግን ከኦሳፕ ውጭ ነው፤ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የአገሩ ልጅ ለመጀመሪያ ዓመት 6,000 ዶላር ያህል በሚከፍልበት የትምህርት ክፍል፣ እሱ እንደ ውጭ አገር ተማሪ ተቆጥሮ የሚጠየቀው 60,000 ያህል ነው።

በአገር ቤትም ሒሳቡ ወደ ጽሑፍ መጥቷል። ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያውም ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲመልስ ያስፈርመዋል። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያልገባው በግል ኮሌጅ ሲማር፣ ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፍሌሚንግደን ፓርክና ከመሰሎቹ ነው። የአንዲት የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን ይመግባል።

ባለፈው ሐምሌ ከእንዲህ ዓይነቷ እናት ቤት ለሴት ልጃቸው ቅጽ ልንሞላ ተቀምጠን ነበር። ልጅቷ የፖለቲካ ሳይንስ መማር ትፈልጋለች፤ እናትየው ነርስ እንድትሆን ይሻሉ። «እኔ ሌሊት ሌሊት የሰው ቢሮ የምጠርገው ይህችን ልጅ ፖለቲካ ላስተምር ነው እንዴ?» አሉን። «ታላቅ ወንድሜን ፖለቲካ በላብኝ። እናቴ ሬሳውን ያነሣችው ከፍላ ነው፤ ስንት ብር እንደሆነ እየነገረችኝ ነው ያደግሁት።» እኛም የዚያው የትምህርት ዘርፍ ተማሪዎች ነንና መልስ አጥተን ወደ ቅጹ አቀረቀርን። ወላጆች የሚከፍሉት ለማዘዝ ነው እያልን ስንከራከር የኖርን ሰዎች፣ በዚያች ክፍል ያየነው ከማዘዝ ይልቅ ፍርሃት ነበር።

የዐምና ገቢያቸውን ከግብር ወረቀታቸው ላይ ገለበጥን። «እትዬ፣ ይኼ ነው አይደለም?» ብለን አሳየናቸው። «ነው፤ ለእኅቴ ልጅ ደሴ የምልከውስ የት ይጻፋል?» ሲሉ ጠየቁ። ቅጹ ለዚያ ቦታ አልነበረውም። የትምህርቱን ዘርፍ የሚጠይቀውን መስመር ልጅቷ ራሷ ሞላችው፤ እናትየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ጥቂት ዝም አሉ፣ ፈረሙም። የሌሊት ሥራቸው ሰዓት ደርሶ ስለነበረ አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው ሻያችንን ሳንጨርስ አብረናቸው ወረድን።