ጎንደርን ያበላው የአገው ቅቤ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ፣ ዙፋኑ ላይ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ቢቀመጡም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ብዙ ተጽፎለታል። እኔን የሚገርመኝ ግን የከተማዋ ቀለብ ነው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ላይ እንዳሰፈረው፣ ጎንደርና አካባቢዋ የሚበሉት ከአገው ምድር፣ የዛሬውን አዊ ጨምሮ በዓባይ ምንጭ ዙሪያ ካለው አገር የሚመጣውን ነበር። አገዎቹ ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ፣ አንዱ ሲመለስ ሌላው እየተተካ፣ ከብት፣ ማር፣ ስንዴ፣ ቆዳ፣ ሰምና ቅቤ ይዘው ይወጡ ነበር።

ስንዴው ይሁን፤ ቅቤው ግን ጣናን ዞሮ በፀሐይ የቀናት መንገድ ተጉዞ እንዴት ሳይበላሽ ይደርሳል? ብሩስም ይህን አንስቷል። መልሱ ቅርጹ ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር ነው፤ ወቅጠው ጥቂት ከቅቤው ጋር ሲያዋህዱት ብዙ ጊዜ ያቆየዋል። ይህ ሥር እናቶቻችን ዛሬም ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሩት መቅመቆ ነው።

ብሩስ ቀጥሎ የጻፈውን ደግሞ ማንም ቆጣቢ ሰው ልብ ይበለው። በሌላ አገር ቅቤ በጨው ይቆያል፤ እዚህ ግን ጨው ገንዘብ ነበር። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ በየገበያው ዋጋው እየናረ ነበር ጎጃም የሚደርሰው። ቅቤን በጨው ማቆየት ማለት ብር ቅቤ ውስጥ መጨመር ማለት ነበር። የአገው ባለሙያ ሴቶች ግን ከደጃቸው በሚበቅል ሥር ገንዘባቸውንም ቅቤያቸውንም አተረፉ።

እኔ ባልትናውን ያየሁት በዚያው በአዊ፣ ዳንግላ፣ እናቴ ጓዳ ነው። ለጋውን ቅቤ በሰፊ ድስት ታደርግና እሳቱን ታበርዳለች። ችኩል እሳት ቅቤ ያሳርራል። አረፋው ሲወጣ በማንኪያ ትገፋለች፤ ከዚያ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ እርድና የተወቀጠ መቅመቆ ትጨምራለች። ጆሮዋን ወደ ድስቱ ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ የሚንጫጫው ውሃው ነው፤ ጫጫታው ሲያቆም ውሃው አልቋል፣ ቅቤው ነጥሯል። አጥልላ፣ ዝቃጩን ለይታ፣ በደረቀ ቅል ትገለብጠዋለች። እርጥብ ማንኪያ ወደዚያ ቅል አይገባም። ቅቤን የሚያበላሸው በውስጡ የቀረው ውሃና አሬራ ነው፤ እነዚህ ከወጡለት ወራት ይቆያል።

ይህ ሙያ ከጾማችን ጋር አብሮ ያደገ ይመስለኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ላሟ ግን ትታለባለች፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይከማቻል። ገዢው ሲጠፋ ዋጋው ይወርዳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ይሰቀላል። በጾሙ አንጥራ ያስቀመጠች ሴት ለዶሮ ወጡ ገበያ አትወጣም። የተረፋትንም በደህና ዋጋ ሸጣ ለልጇ ደብተር ትገዛለች። ጓዳዋ የራሷ ባንክ ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችን፣ ዳንግላም እንጅባራም፣ ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ የምንኖር፣ ቅቤ የምንገዛው በበዓል ዋዜማ፣ በጣም በሚወደድበት ቀን ነው። ያኔም ሙዝ ወይም የአትክልት ስብ ተቀላቅሎበት ይሆን እያልን እየሰጋን። ይህ ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ድስት፣ አንድ ከሰዓት በኋላና የእናት ምክር ብቻ ነው። በመጪው ዐቢይ ጾም ቅቤው ሲረክስ ለጋውን ከምታምኗት ባላገር ግዙና አንጥራችሁ አስቀምጡ። እናታችሁ በሕይወት ካለች አጠገቧ ቆማችሁ አንጥሩ፤ የእሳቱን ልክና የመቅመቆውን መጠን ከእሷ ተማሩ።